ባዶ መርፌና የምታንጎራጉር ድመት

ልጆቹ ንገሪን ብለውኝ ነው። የልጅ ልጆቼ ናቸው። ትልቋ እንዲያውም «በአፍሽ ብቻ ካወራሽው ነገ ይጠፋል፤ ጻፊው» ብላ ወረቀት አቀበለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ልጅ አዝዬ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ።

ጥያቄያቸው ትንሽ ናት። የቤታችን ድመት ጭኔ ላይ ወጥታ ማንጎራጎር ስትጀምር፣ ያ እንደ እንዝርት የሚዞር ድምፅ ከጉሮሮዋ ሲመጣ፣ እኔ ዝም ብዬ አላስተኛትም። ዓይኗን አያለሁ። ጆሮዋን እዳስሳለሁ። ወገቧን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ።

«እማማ፣ ደስ ብሏት እኮ ነው! አንቺ ለምንድን ነው ፊትሽ የሚጠቁረው?» ይሉኛል።

እሺ፣ ልንገራችሁ። ደስ የሚል ወሬ ግን አይደለም።

እኔ ወደ አሶሳ የመጣሁት ከወሎ፣ በድርቁ ጊዜ፣ ከሰፋሪው ጋር ነው። ባሌን እዚሁ ወባ ወሰደብኝ። ልጆቼ አድገው አንዱ ባምባሲ፣ አንዷ ቶንጎ ቤት ሲይዙ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ክር፣ መርፌ፣ ማበጠሪያና ቁልፍ በቅርጫት ይዤ ከገበያ ገበያ እዞር ጀመር። ሰው «ምን አንከራተተሽ?» ሲለኝ ለንግዱ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ውስጥ ስቀመጥ የባሌ ማቃሰት ይሰማኝ ነበር። ስሄድ አይሰማኝም።

በመንገዱ ሁሉ አብሮኝ የሚሄደው ውሻዬ ነበር። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ መልከ ጥፉ ውሻ። ከፊቴ ይቀድማል፣ ሣሩን ያሸታል፣ ቆም ብሎ ዞሮ ያየኛል። «ነይ፣ ደህና ነው» ያለኝ ያህል ነው። በቶንጎ መንገድ ሽመሉ፣ ቀርከሃው ማለቴ ነው፣ ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ብቻዋን የምትሄድ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በሱ ተማምኜ ነው።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ነው። አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች ተባለ። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ታፔላ ተሰቅሎበት ቢሮ ይሆናል፤ ገብታችሁ ብታዩት ወንበር የለውም። ቀዩ ጭቃ ላይ በየቦታው የግንብ መሠረት ይቆፈራል። ዛሬ የተሾመው ነገ ይነሣል፣ ነገ ሌላው ይሾማል። እኛ ተራው ሰው ማን እንደሚያስተዳድረን ጠይቀን ሳንጨርስ ሰውየው ተቀይሮ እናገኘዋለን።

ከመንገድ ስመለስ የማርፈው የአገሩ ተወላጅ በሆነች በአንዲት በርታ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ባሏ ሞቶ ሁለት ወንዶች ልጆቿ በግርግሩ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሻግረው ወሬያቸው ጠፍቶባት ብቻዋን ነበረች። ቤቷ በሽመል የተሠራ፣ ደጇ ላይ ትልቅ ማንጎ ያለበት ነው። አማርኛዋ የራሷ ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔም በርታኛ ልናገር ስሞክር ሆዷን ይዛ ትስቅብኝ ስለነበር በዚህ አንኮራረፍም።

ለውሻዬ መጀመሪያውኑ ሕግ አወጣችለት። «ውሻው እዚያ ይቀመጣል። እዚህ አይመጣም። እዚህ እኔ እሰግዳለሁ» አለችኝ። ነገር ግን የተሰነጠቀ ቅል ፈልጋ የሱ ብቻ አደረገችለት። ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳትሞላለት ቀርታ አታውቅም።

ድመቷ ግን ሌላ ናት። ግራጫ፣ ያረጀች ድመት ነበረቻት። ያቺ መስገጃው ላይ ትተኛለች፣ ከሷ ትሪ ትበላለች። ጭኗ ላይ ሆና ማንጎራጎር ስትጀምር ባለ ግቢዋ እጇን አንሥታ ዝም ታሰኘኛለች።

«ያ ኡኽቲ፣ አንተ ሰማህ? ድመቱ ዚክር ያደርጋል።»

ያ ኡኽቲ «እህቴ» ማለቷ ነው፤ ዚክር የምትለው ደግሞ የፈጣሪን ስም ደጋግሞ ማውሳትን ነው። ድመት ስታንጎራጉር አላህን እያወሳች ነው ብለው ሽማግሌዎቻቸው ነግረዋታል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ቢሆንም ሳልወድ በግድ ጸጥ ብዬ እሰማ ነበር። እውነትም ጸሎት ይመስላል። «ለልጆቼ ዱዓ ያደርጋል» ስትለኝማ ምን እላታለሁ?

እንዲህ እንዳለን ክረምቱ ሲወጣ ውሻዬ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። መጀመሪያ እኔ ከፊት ሆንኩ፣ እሱ ከኋላ። ቀጥሎ ቁጭ ማለት አበዛ። ሲነሣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። አንድም ቀን ግን አልጮኸም።

አጥሩን የምንጋራው የአገሬ ሰው፣ እሱም እንደኔ የወሎ ሰፋሪ፣ አየውና «እቴ፣ ይሄ መተኮስ ነው የሚፈልገው» አለኝ። በአገራችን ወጉ ነው፤ በሬውም አህያውም ወገቡን ሲያመው በጋለ ማጭድ ይተኮሳል። ባሌም በሬያችንን ሲተኩስ አይቻለሁ። ማጭዱን እሳት ውስጥ አግሎ የውሻዬን ዳሌ ሁለቱም ጎን ተኮሰው። ጠጉሩ ሸተተ። ውሻው አንገቱን ብቻ ወደ መሬት ለጠፈው እንጂ ድምፅ አላወጣም።

«አየሽ? ትንፍሽ አላለም። ቢያመው ኖሮ ይጮህ አልነበር?» አለኝ ሰውየው፤ ማጭዱን ውኃ ውስጥ እየነከረ።

እኔም ልክ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ውሻዬ ከነጭራሹ አልነሣም አለ።

ያገሬ ሰው ጥቂት ቀን ጠብቆ መጣና አየው። «አንዴ ደግሜ ልተኩሰውና በዚያም ካልሆነ ጫካው ዳር አውጥተን እንተወው። ጅቡ ይገላግለዋል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያ ነው የምናውቀው። እኔ ግን ያ መንገድ ያለ ውሻው አልታየኝም። ደግሞም ዓይኑን ሳየው የባሌን የመጨረሻ ሰሞን ዓይን መሰለኝ። ባሌም ዝም ብሎ ነው የሞተው፤ እኔ ሻለው እያልኩ ገንፎ ሳገነፋ።

ያን ጊዜ ባለ ግቢዋ፦ «አንተ ለምን ታለቅሳለህ? ግብርና ቢሮ አዲስ ሰው መጣ። የከብት ሐኪም ነው። መርፌ ያለው ሰው። ውሰድ ውሻውን» አለችኝ።

«ባዶ መርፌ የሚሉት?» አልኳት።

የሰውየውን ወሬ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ቻይና አገር ተምሮ የመጣ ነው ይሉታል። ለከብቱ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ገና አልደረሰም፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቁን ትቶ ምንም ያልተሞላበት መርፌ ይወጋል። እኛ አገር ደግሞ መርፌ ካልተወጋ ተሻለኝ የሚል በሽተኛ የለም፤ መርፌው ግን ውኃ እንኳ ይኑረው እንጂ! ባዶ መርፌ ማለት ባዶ ትሪ ለእንግዳ እንደማቅረብ ነበር የታየን። ስሙም በዚያው ጸና፤ ባለ ባዶ መርፌ።

ቢሆንም ሌላ ምን ነበረኝ? ከአዲሱ ቢሮ ግንበኞች ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ለምኜ ውሻውን ጆንያ ላይ አስተኛሁት። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ አልገፋ አለኝ። ባለ ግቢዋ ከኋላዬ መጥታ አንዱን እጀታ ያዘች።

«እኔ ጋሪ ነካሁ። ውሻ አልነካሁም፣ ወላሂ» አለችኝ፤ ለኔ ሳይሆን ወደ ላይ እያየች።

ግንበኞቹ ሲያዩን ሳቅ በሳቅ ሆኑ። አንዱ ከግንቡ ላይ ሆኖ «እማማ፣ ውሻውን ሊያሾሙት ነው? የትኛው ቢሮ ደረሰው?» አለኝ። ሌላው «ቀስ በሉ፣ ክቡር ኃላፊው እንዳይወድቁ!» አለ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ያን ዓመት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሰውየው ቀጭን፣ ዓይነ ጎድጓዳ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያው ባዶ ነው። ማቀዝቀዣ አለ፤ መብራት ስለሌለ ውስጡ ያስቀመጠው ምሳውን ነበር። ውሻውን መሬት ላይ አስተኝቶ ጣቱን ከአንገቱ ጀምሮ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ቀስ እያለ ወደ ታች ወሰደ። ዳሌው ጋ ሲደርስ ቆዳው ብርር ብሎ ተንቀጠቀጠ። ውሻው ከንፈሩን ላሰ።

«አዩት ሲልስ?» አለኝ።

«ርቦት መሰለኝ፣ ልጄ።»

«አልራበውም፣ እማማ። አመመው። እነሱ ሲያማቸው እንደኛ አይጮሁም። ጥንት በዱር ሳሉ ያቃሰተ ይበላ ስለነበር ሕመማቸውን መደበቅ ለመዱ። ስለዚህ በጆሮ አይሰማም፣ በዓይን ነው የሚታየው። ከንፈሩን ይልሳል። ሳይሞቀው ያለከልካል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። በአንድ ጎኑ ብቻ ይተኛል። አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል።» ከዚያ የተተኮሰውን አየ። «ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የአገራችን ወግ ነው።»

አልተቆጣኝም። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበው፣ ያን ቦታ በመርፌ አልነካም አለ። ከትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን መርፌዎቹን ሲያወጣ እኔ መርፌ ሻጭዋ አፌን ከፈትኩ። ጠጉር ናቸው እንጂ መርፌ አይደሉም።

«ክር የሚገባበት የለው፣ መድኃኒት የሚወርድበት የለው፤ ታዲያ መድኃኒቱ የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ውሻው ገላ ውስጥ። ሁላችንም ገላ ውስጥ ሕመም የሚያስታግስ ነገር አለ። እሱን ነው የምቀሰቅሰው። ግን አልዋሽዎትም፣ አጥንቱ አርጅቷል፤ እሱን አላድነውም። ሕመሙን ላሳርፍለት ነው።»

በአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ በዳሌው ላይ፣ ከጉልበቱ ኋላ ወጋጋው። እኔ እጁን ሊነክሰው ነው ብዬ አፉን ይዣለሁ። ውሻዬ ግን ትንፋሹ ረዘመ። ዓይኑ ከበደ። ምላሱ ትንሽ ወጣ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ባለ ግቢዋ ከበሩ ላይ ሆና «ማሻአላህ» አለች፤ ውሻ መሆኑን ረስታው ይሆናል።

መርፌዎቹ ሲነቀሉ ተነሥቶ ሮጠ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሮጠም። እየተንገዳገደ ተነሣ፣ ራሱን አራገፈ፣ ዞር ዞር አለና ተመልሶ ተኛ። የተኛው ግን ከክረምት ጀምሮ ተኝቶበት በማያውቀው ጎኑ ነበር።

ልንወጣ ስንል ሰውየው «ቤት ሌላ እንስሳ አለ?» አለን።

«ድመት አለ» አለች ባለ ግቢዋ። «እሱ ደህና። ትልቅ ሰው ሆነ። አሁን አይዘልም፣ እሳት አጠገብ ተቀመጠ፣ ቀኑን በሙሉ ዚክር ያደርጋል።»

ሰውየው እጁን እየታጠበ ነበር። ቆም አለ። «ቀኑን ሙሉ?» አላት።

«ቀኑን ሙሉ! ድሮ ትንሽ ነበር። አሁን ብዙ።»

«አምጪልኝ እሷንም፣ ልያት» አለ።

ስንወጣ ግን ሳቀችበት። «ድመቱን በቅርጫት ገበያ መሃል እወስዳለሁ? ዚክር ላይ ያለ ሰው አይረበሽም። የታመመ ውሻ ነው፣ ድመት አይደለም።» እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ያን ቀን የሕመም ምልክት ተምሬ መጥቻለሁ አይደል? ማታ ድመቷን አየኋት። ከንፈሯን አትልስም። አታለከልክም። ጀርባዋን ጎብጣ፣ እግሮቿን ከሆዷ ሥር ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች። ከዚህ የበለጠ ሰላም የት አለ?

ውሻዬን ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ ወሰድኩት። መጀመሪያ በጋሪ፣ በኋላ በእግሩ። ቶንጎ ባያደርሰኝም ቅርቡን ገበያ አብሮኝ ሄደ። ሰውየውም መርፌ የሚወጋባቸውን ቦታዎች እያሳየ «እኔ በሌለሁ ጊዜ እዚህ እዚህ በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉለት፤ መርፌውን ባይተካም ያሳርፈዋል» አለኝ። በሄድን ቁጥር «ድመቷስ?» ይላል። እኔም ለባለ ግቢዋ እነግራታለሁ። እሷም «ኢንሻአላህ» ትለኛለች። በመጨረሻ ከአሮጌ ሻሽ ለቅርጫቱ ክዳን ሰፋችለት፤ «ለመጪው ገበያ ቀን እወስደዋለሁ፣ አንተ ዝም በል አሁን» አለችኝ።

በዚያ ገበያ ቀን ውሻውንም ቅርጫቱንም ይዘን ሄድን። በሩ ተቆልፏል።

ዘበኛው ከጥላው ሳይነሣ «ተነሥቷል» አለን።

«ወዴት?»

«ወደ አገሩ ይሆናላ። ግምገማ ነበር። ከሌላ ክልል የመጡት ብዙዎቹ ተነሥተዋል። ሌላ ይመጣል ተብሏል።»

«መርፌዎቹስ?»

«ይዟቸው ሄደ። ለባዶ መርፌ ደግሞ ምን ያስጨንቃችኋል፣ እማማ?»

ባለ ግቢዋ ቅርጫቱን ከፍ አድርጋ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ አደረገች። ውስጥ ድመቷ ታንጎራጉራለች። «አየህ? ይሄ ሐኪም አልፈለገም» አለችኝ። ቀልሏት ተመለሰች። እኔ ነኝ መንገዱን ሙሉ ያለቀስኩት፤ ለውሻዬ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልለፈው። ብርዱ ሲመጣ ውሻው ወደቀ። ያገሬ ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ። እኔ ውሻው ፊት ቁጭ አልኩ።

«ከሱ በፊት እኔን ተኩሰኝ» አልኩት።

«እቴ፣ አበድሽ እንዴ? ይኸው ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ምን ይሰማዋል ብለሽ ነው?»

«ከንፈሩን እየው። ዝም አላለም፤ እየነገረህ ነው።»

ተቀይሞኝ ሄደ፤ ብዙ ጊዜ ሰላም አላለኝም። ውሻዬን በሞቀ ጨርቅ እያሞቅሁ፣ የተማርኩትን ቦታ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ቆየሁ። ማንጎው ሥር፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ፣ ራሱ ጭኔ ላይ ሆኖ አለቀ። ትንፋሹ ረጅም ነበር፤ እንደ መርፌው ቀን። እሱን አውቃለሁ፣ አርፎ ነው የሞተው።

በዚያው ሰሞን ድመቷ መብላት አቆመች። ጠጉሯ ተንጨባረረ። ማንጎራጎሯ ግን በረታ፤ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማኛል። ጎረቤት ሴቶች ሊሰሟት ይመጣሉ፤ መስገጃው ዙሪያ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። ባለ ግቢዋ «ልጆቼ ሊመጡ ነው፤ እሱ ያውቃል፤ ለዚያ ነው ሌት ተቀን የሚለምን» ትላቸዋለች። ፊቷ እንደዚያ ሰሞን አብርቶ አላየሁትም። እኔም ውሻዬ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ተመስገን፣ አንዷስ ደህና ናት እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ድምፁ ቀጥ አለ። ሄጄ ሳይ ባለ ግቢዋ ድመቷን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለለች ነው። አላለቀሰችም።

«ዚክር ላይ ሞተ» አለችኝ። «አንተ እኔን እንዲህ ሙት በለኝ፣ ያ ኡኽቲ።»

«አሜን» አልኳት።

ልጆቿ አልመጡም። እሷም ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው ቤት፣ እዚያው መስገጃ ላይ ታማ ሞተች፤ እጇን ይዤ ነበር። በመጨረሻው ቀን እንኳ የድመቷን ነገር አንሥታ ፈገግ ብላልኛለች።

እኔ አርጅቼ፣ እግሬ መንገድ ጠልቶ፣ እናንተ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው እንግዲህ እውነቱን የሰማሁት። አሶሳ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ያቺ ከዚህች በፊት የነበረችው ድመታችን ከአጥር ላይ ስትወድቅ ትልቋ ልጅ ከኔ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደቻት፤ እሷ ደጅ ካርድ ስታወጣ እኔ ድመቷን ይዤ ገባሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ድመቷ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠች ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኔም ደስ ብሎኝ «ተመስገን፣ ደህና ናት ማለት ነው፤ ትሰሚያታለሽ?» አልኳት።

ልጅቷ የድመቷን የኋላ እግር ቀስ ብላ እየዳሰሰች ነበር። ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«እማማ፣ እግሯ ተሰብሯል። ድመት ሲመቻት ብቻ አይደለም እኮ የምታንጎራጉረው። በጣም ሲያማትም፣ ልትሞት ስትልም ታንጎራጉራለች። ራሷን የምታባብለው እንደዚያ ነው።»